የእትዬ ፍሩማ ኩገልና የዓርብ ዘጠኝ ሰዓት

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የንጉሡን ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ እኔ የእኛ ጊዜ የምለው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ያለውን፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ እዚሁ ለንደን ደረጃ ስጠርግ የነበረውን ጊዜ ነው። አንቺ ሰላም አትሳቂ፤ አንቺ ያኔ ጡጦ ይዘሽ ነበር።

እንዴት መጣህ አትበሉኝ፤ ባትሉኝም እነግራችኋለሁ። እኔ ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ማዶ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ የሰርግ ቤት ቀልደኛ ነበርኩ። ታዲያ በምርጫው ሰሞን አንድ ሰርግ ላይ የገዢውን ፓርቲ ተናጋሪ አስመስዬ ሰውን በሳቅ ፈጀሁት፣ እና ዞር አልኩና ደግሞ የተቃዋሚውን አስመሰልኩ፣ እና ምርጫው አልፎ ነገሩ ሲበላሽ እነዚህኞቹ «አንተ የማን ነህ?» አሉኝ፣ እነዚያኞቹም «አንተ የማን ነህ?» አሉኝ። «የሙሽራው ነኝ» ብል የሚሰማኝ ጠፋ! እና የወንድሜ ልጅ እዚህ ነበረና፣ በስንት መከራ፣ እሱን ሌላ ቀን እንስቃለን፣ መጣሁ።

ታዲያ ሃክኒ ውስጥ፣ አይሁዶች በሚበዙበት ሰፈር፣ የአንድ የካውንስል፣ የእነሱ ቀበሌ በሉት፣ ሕንፃ ደረጃ ጠራጊ ሆንኩ። አንድ ዓርብ ቀን እየጠረግሁ ወደ ላይ ስወጣ በር ተከፈተና ጭስ ወጣ። ጭስ ስላችሁ ትንሽ ጭስ እንዳይመስላችሁ፤ ሂትሮው ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ጠፍቶት ወደ መጣበት የተመለሰበት ጭስ ነው! እና ከጭሱ ውስጥ አንዲት አጭር አሮጊት፣ ራሳቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል፣ ብቅ አሉ።

«አንተ! ዐይን አለህ?»

«ሁለት አለኝ እመቤቴ።»

«ግባና ቀለሙን ንገረኝ! በሩን ግን እንዳትዘጋው!»

በሩን አትዝጋ ያሉኝ ለጭሱ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ነው የገባኝ፣ ለካ በሕጋቸው ሴት ከባዕድ ወንድ ጋር በተዘጋ ቤት ብቻዋን አትሆንም። እኝህ ሴት እትዬ ፍሩማ ናቸው። ተወልደው ያደጉት ኢየሩሳሌም ነው፣ ባላቸው ሞተዋል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የእሳቸው እንግሊዝኛ ከኢየሩሳሌም የመጣ፣ የእኔ ከደሴ የመጣ፣ ሁለቱም አንካሳ፣ እና ሁለት አንካሳ እንግሊዝኛ ተደጋግፎ እንዴት እንደሚሄድ ብታዩ!

ገባሁ። ድስት ውስጥ ዘይትና ስኳር ተጥዶ ይንተከተካል። እሳቸው ድስቱ ላይ ሲያጎነብሱ መነጽራቸው በእንፋሎት ይታወራል፣ ሲያወልቁት ደግሞ ድስቱም ራሱ አይታያቸውም።

«ምን መስሏል?» አሉኝ።

እኔ በእንግሊዝኛ የማውቀው ቀለም ጥቁርና ነጭ ብቻ። ጨነቀኝና መዳፌን ዘረጋሁላቸው። «ይኼን» አልኩ። መነጽራቸውን አስጠግተው አዩና «ገና ነው!» አሉ። ትንሽ ቆየሁና እጄን ገለበጥኩ። «አሁን ይኼን።» «ገና!» በመጨረሻ እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን አወጣሁ። «እመቤቴ፣ እዚህ ደርሷል፤ ከዚህ ወዲያ የሚሄድ ቀለም እኔ ላይ የለም!»

«አጥፋው! አጥፋው! ቶሎ ፓስታውን አምጣ!»

አያችሁ፣ የኩገል ነገር ይኼ ነው። ኩገል የሰንበት ምግባቸው ነው፣ የኢየሩሳሌሙ ደግሞ ለብቻው ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ፓስታ ትቀቅላለህ፣ ስኳሩን በዘይት ታቃጥላለህ፣ ግን ማቃጠል ስልህ መራራ ሊሆን አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ታወጣዋለህ፣ እና ፓስታውን ስትገለብጥበት እንደ ተቆጣ ድመት ያፏጫል። ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ቁንዶ በርበሬ፣ ብዙ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ እንቁላል። ከዚያ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኦቭን ውስጥ ይገባል፣ በቀስታ እሳት ያድራል፣ ቅዳሜ ቀን በኮምጣጤ ከተነከረ ኪያር ጋር ይበላል። ስኳርና ቁንዶ በርበሬ ባንድ ድስት! እኔ መጀመሪያ ሳይ «እኝህ ሴትዮ ዐይናቸው ብቻ አይደለም የጠፋው» ብዬ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲያ ዓርብ ዓርብ ደረጃውን ስጨርስ እየገባሁ ክርኔን ማዋስ ሆነ ሥራዬ። የቁንዶ በርበሬው መለኪያ ደግሞ አፍንጫዬ ነበር። እሳቸው በሕመም ምላሳቸው ማቃጠል የሚባል ነገር አልሰማ ብሎ ነበርና፣ እኔ ድስቱ አጠገብ እቆማለሁ፣ እሳቸው እየወቀጡ ይጨምራሉ፣ ሲያስነጥሰኝ ወደ ደጅ እሮጣለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ ሲያስነጥሰኝ «በቃ!» ይላሉ። ብሪክስተን ድረስ የሚሰማ ማስነጠስ ነበር የማስነጥሰው፤ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ሆነው «ይማርህ» የሚሉኝ ነበሩ!

አንድ ነገር ብቻ አያስነኩኝም፤ እሳቱን። ክብሪት መጫር የእሳቸው ነው። ምግቡን ሌላ ሰው ቢያማስለው ግድ የላቸውም፣ እሳቱን ግን አይሁድ ካልለኮሰው አይበሉትም። ታዲያ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ክብሪት ይሰበራል፣ አንዱ ይወድቃል፣ እኔ ደግሞ ባዕድ ወንድ ነኝና እጃቸውን ይዤ አልደግፍም፣ እና እርጥብ ፎጣ ይዤ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ እቆማለሁ። አንድ ቀን፣ ከካውንስል አልፎ አልፎ እየመጣች አረጋውያንን የምትረዳ ኬረር፣ አንዲት እንግሊዝ ልጅ፣ ይኼን አየችና ደሟ ፈላ።

«ሚስተር ይመር! እንዴት ይኼን ትቀበላለህ? የአንተ እጅ ምን ሆነና ነው? ይኼ ንቀት ነው! ኮምፕሌን ማድረግ፣ አቤት ማለት አለብህ!»

«የለም ልጄ፣» አልኳት፣ «እኔ ስዳር የት ነበርሽ?» ግራ ገባት። እና ነገርኳት። እኔ ስዳር አባቴ ለእስላም ጎረቤቶቻችን በግ ሰጠ፣ ከነድስቱ ከነማገዶው፣ እነሱ ራሳቸው አርደው ራሳቸው ሠርተው አብረውን ተቀምጠው በሉ፣ ዘፈኑም፣ ተሳሳቅንም። የእኛን እርድ አልበሉም ብሎ የተቀየመ ሰው ወሎ ውስጥ ቢገኝ እንደ እብድ ነው የሚታየው። ልጅቷ «ኦኬ» ብላ ሄደች። እትዬ ፍሩማ ከማድቤት ሆነው «ምን አልካት?» አሉ። «ድጋሚ እንድትድረኝ ጠየቅኋት» አልኳቸው። እንዴት ያለ ሳቅ ነበራቸው መሰላችሁ! ያን ሳቅ ነው እስከ ዛሬ የሚናፍቀኝ።

እና ሌላው ነገር፣ ሰላም ልብ በይ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ያን ኩገል ስሠራ አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም። ለምን? ዓርብ ነዋ! ዓርብ ጾም ነው፣ ኩገሉ ውስጥ ደግሞ እንቁላል አለ። ቅዳሜ ሲበላ ደግሞ እኔ ሂትሮው ሌላ የጽዳት ሥራ አለኝ። «ና ብላ» ይሉኛል፣ «በሚቀጥለው» እላለሁ። በሚቀጥለው፣ በሚቀጥለው። ሰው ያለው ነገር ሁሉ የሚቀጥል ይመስለዋል።

ታዲያ አንድ ክረምት፣ የዚህ አገር ክረምት፣ ጥምቀት አልፎ፣ ልጃቸው ሪቭካ ከማንቸስተር ልትጠይቃቸው መጣች። መጣችና የእናቷን እጅጌ አየችው። ክብሪት የወደቀበት ነው፣ ተቃጥሎ ቀዳዳ ሆኗል።

«እማዬ፣ በቃ። ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

«የትም አልሄድም! አባትሽ ከዚህ ቤት ነው የወጣው፣ እኔም ከዚሁ ነው የምወጣው።»

«ተቃጥለሽ ነው የምትወጪው!»

ተጨቃጨቁ። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ በሩ እንደሆነ ሁሌም ክፍት ነው። በመጨረሻ እትዬ ፍሩማ ጠረጴዛውን መቱና «በሚመጣው ሰንበት ከባልሽ ጋር ነይ። የአያትሽን ኩገል ሠርቼ፣ እኔም ሳልቃጠል ቤቱም ሳይቃጠል ጠረጴዛ ላይ ካገኘሽው፣ ዳግመኛ ማንቸስተር የምትባል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። ካላገኘሽው ሻንጣዬን አንቺው ትሸክፊዋለሽ» አሉ። ሪቭካም «እሺ» አለች። ክፉ ልጅ እንዳትመስላችሁ፤ ፈርታ ነው። እኔም ብሆን እፈራ ነበር።

እና ያ ዓርብ ደረሰ። ታዲያ ምን ብሆን ጥሩ ነው? ጉንፋን ያዘኝ! ከዋዜማው ጀምሮ ያስነጥሰኛል፣ ገና ደረጃው ላይ እያለሁ፣ ቁንዶ በርበሬ ባልተወቀጠበት! እትዬ ፍሩማ ሲሰሙኝ ሙቀጫውን አስቀመጡ።

«ይመር፣ ገና ምንም ሳልጨምር በቃ እንድል ታደርገኛለህ እኮ!»

«ጉንፋን ነው እትዬ።»

«ታዲያ በምን እንለካዋለን? ልጄ ከነገ ወዲያ ልትወስደኝ ነው፣ አንተ ጉንፋን ትላለህ!»

ስኳሩስ ክርኔ አለ፣ በደንብ ወጣ፣ ፓስታውም ገባ። ቁንዶ በርበሬው ላይ ቆምን። እሳቸው ምላስ የላቸውም፣ እኔ አፍንጫ የለኝም። ጎረቤት ለመጥራት ኩራታቸው አይፈቅድም፣ ሪቭካ ነገ ብትሰማ አለቀ።

«ልቅመሰው በቃ» አልኩ።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

«ዓርብ ቢሆንስ፣ እግዜር እኔን እንደሁ ለምዶኛል።»

አፍጥጠው አዩኝ። «የእኔን ድስት ብለህ ጾምህን አትሰብርም! እንዲህ ተሠርቶ የመጣ ኩገል እንዴት አድርጌ እውጠዋለሁ?»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። በጾም የማይበላው እንቁላሉ ነው። ፓስታ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ይኼ ሁሉ የጾም ነው! እንቁላሉ ሳይገባ ብቀምሰውስ? «ግን ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እህል አልቀምስም» አልኳቸው። «ቆዩኝ።» እሳቸው መስኮቱን አዩ። የለንደንን ጥር ታውቁታላችሁ፣ ፀሐይዋ እንደ ተቀየመ እንግዳ ናት፣ ገና ሳትቀመጥ ትነሳለች። እና ፀሐይዋ ስትጠልቅ የእሳቸው ሰንበት ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይሠራም። የእኔ ዘጠኝ ሰዓት በዚህ በኩል፣ የእሳቸው ፀሐይ በዚያ በኩል፣ ኩገሉ መሐል ቤት ድስት ውስጥ ተጎልቷል!

ተቀመጥን። እሳቸው መስኮቱን ያያሉ፣ እኔ ሰዓቱን አያለሁ።

«ይመር፣ ፀሐይዋ ከጣሪያው ደረሰች!»

«አልሞላም እትዬ።»

«ይመር፣ ግማሿ ከጣሪያው ኋላ ገባ!»

«አልሞላም እትዬ፤ ሰዓቱ እንደሁ ዛሬ ታሟል መሰለኝ።»

«ያንተ አምላክ ከእኔው ነው አይደል? ለእኔ ፀሐይ ሲያስሮጥ ላንተ ሰዓት ያቆማል?»

ሳቅ አስነሳን፣ እየፈራን ሳቅን። እና ሞላ! በስመ አብ ብዬ በማንኪያ ቀመስኩ። መጀመሪያ ጣፋጩ መጣ፣ ከዚያ ምንም።

«እንዴት ነው?»

«ጣፋጭ ነው፣ ግን ዝም አለ።»

«ዝም ማለት የለበትም! ከኋላ መጥቶ መምታት አለበት!» ጨመሩ። ቀመስኩ። «መጣ፣ ግን አንኳኩቶ ነው የመጣው።» ጨመሩ። ቀመስኩ፣ እና ጣፋጩ ወርዶ ሳይጨርስ ቁንዶ በርበሬው ከማጅራቴ በኩል ዞሮ ጆሮዬን ያዘኝ። «እትዬ፣ በር ሰብሮ ገባ!» አልኩ። «እንቁላሉን!» አሉ። እንቁላሉ ገባ፣ ክብሪቱን ጫሩ፣ አንዱ ወደቀ፣ በፎጣዬ አጠፋሁት፣ ሁለተኛው ያዘ፣ ድስቱ ኦቭን ገባ። እሳቸው የሰንበት ሻማቸውን ሊያበሩ ሲሄዱ እኔ መጥረጊያዬን አንስቼ ወረድኩ።

ታዲያ ለቅዳሜው ሂትሮውን አስፈቅጄ መጣሁ። ሪቭካና ባሏ፣ በሰንበት መኪና አይነዱምና ዓርብ ማታውን እዚያው ሰፈር ዘመድ ቤት አድረው፣ ተቀምጠዋል። ባልየው ጢሙ ደረቱን የሚጠርግ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ምንም ሳይናገር ደጋግሞ ቆረሰ። ሪቭካ አንድ ጉርሻ አፏ አስገባችና ዐይኗን ጨፈነች። ጨፍና ቆየች። እንባዋ ከተጨፈነው ዐይኗ ወጣ።

«የአያቴ ነው» አለች። «እማዬ፣ የአያቴ ነው።»

እኔም በላሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከነእንቁላሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ በስሎ ጠቁሮ፣ ዳሩ ደረቅ ብሎ። ምን ልበላችሁ። እኔ ያላጋነንኩት ነገር የለም፣ ይኼን ግን ማጋነን አልችልም። እትዬ ፍሩማ እንደ ሙሽራ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። አሸነፍን! በሆዴ አሸነፍን እላለሁ።

ሪቭካ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ እዚህ ነበሩ አሉ። እናቴ ብቻዋን ነው የሠራችው?»

ይኼኔ አፌ ተከፈተልኝ። «ብቻቸውን! እኔማ በር ላይ ቆሜ ሳይ ነው የዋልኩት! ድስቱን ባንድ እጃቸው እንዲህ አንስተው እንደ ብርሌ አዟዟሩት! ክብሪቱማ ገና ሲያዩት ተቀጣጠለ!» ባልየው እንኳ ጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ።

«ይመር» አሉ እትዬ ፍሩማ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። «ሰንበት ነው። ተው።» እና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እሳቱን ለኮስኩ። ቀለሙ የእሱ ክርን ነው። ቁንዶ በርበሬው የእሱ ምላስ ነው፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ። እኔ እሳቱን ለኮስኩ።»

ሪቭካ «ቀለሙን ያሳዩኝ» አለችኝ። ምን ላድርግ? እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየኋት፣ መዳፉን፣ የእጄን ጀርባ፣ ክርኔን። ቁንዶ በርበሬው እንዴት ዞሮ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በደንብ አዳመጠችኝ፣ የሚማር ሰው እንደሚያዳምጥ። ከዚያ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ የሚያይልሽ ሰው ነው የሚያስፈልግሽ። ዓርብን አቶ ይመር አሉ። የቀሩትን ቀናትስ ማን ያይልሻል?»

እትዬ ፍሩማ እጃቸውን አስለቅቀው ለልጃቸው ሌላ ኩገል ቆረሱላት። አያችሁ፣ መልስ የማያጡ ሴት ነበሩ። እንደሚሄዱ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ፋሲካ ሳይደርስ ወሰዷቸው። መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና «አሁን ማን ያስነጥስልኛል?» አሉኝ።

በስልክ እንገናኝ ነበር። «ኩገሉስ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ቁንዶ በርበሬው ግን አንኳኩቶ ነው የሚገባው» ይላሉ። «ታዲያ ጨምሪ አይሏትም?» ስላቸው፣ «ይመር፣ በሰው ቤት አነሰ ይባላል?» አሉኝ። «የልጅዎ ቤት እኮ ነው እትዬ!» ብላቸው «ክብሪቱን የምትጭረው እሷ ናት» አሉኝ። በዓመቱ ስደውል ስልኩን ሪቭካ አነሳችው፣ ማረፋቸውን ከድምጿ አወቅሁ።

ታዲያ እኔ ይኼን ነገር ስንት ጊዜ አገላብጬ አየሁት። ኩገሉ ቢያርር ኖሮ እላለሁ። ቢያርርማ «አየሽ፣ ልታቃጥይው ነበር» ተብለው ይሄዳሉ። አላረረም፣ እንደ እናታቸው ሆኖ ወጣ፣ ሄዱ። እሳቸው ዝም ቢሉና የእኔ ውሸት ቢያልፍ ኖሮ እላለሁ። ቢያልፍማ አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት እጅጌያቸው ይያያዛል። በየት በኩል ብዞር መውጫ የለውም። ሪቭካም ልክ ናት፣ እሳቸውም ልክ ናቸው፣ እና በሩ ተዘጋ። ያ ሁሌም ክፍት የነበረው በር! አሁን ሌላ ሰው ይኖርበታል፣ ደረጃውንም ሌላ ሰው ይጠርገዋል።

«እና አያ ይመር፣ ምን ቢሆን ነበር የሚሻለው?»

አይ ሰላም። ያ ቅዳሜ ባይመሽ ነበር የሚሻለው።

«ያ ቅዳሜማ መሽቷል አያ። ይልቅ ነገም ቅዳሜ ነው፣ ማንም አይጾምም፤ እኛ ቤት ይምጡና ኩገል ስንሠራ ክርንዎን ያሳዩን።»

ሃ! ይችን ልጅ ስሟት! እሺ፣ እመጣለሁ። «በሚቀጥለው» አልልሽም።